የጓሮው መርዝ ከአበባው ነው ወይስ ከጆንያው?

ቡችላ ቤቱ ያስገባ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ዝርዝር ይደርሰዋል። ጎረቤት ይነግረዋል፣ ውጭ አገር ያለች እህቱ በስልክ ትልክለታለች፤ «እነዚህ ተክሎች ውሻ ይገድላሉና ንቀላቸው» የሚል። ዝርዝሩ ረጅም ነው። ኤኤስፒሲኤ የተባለው የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር ብቻ ለውሻ መርዛማ ናቸው ብሎ የመዘገባቸው ተክሎች በመቶዎች ይቆጠራሉ። እሬትና ቲማቲም፣ ኦሊያንደርና ሽንኩርት እዚያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ሆድ ከማሳመም አያልፍም፤ ሌላው ልብ ያቆማል። በዝርዝሩ ላይ ግን ሁሉም እኩል ያስፈራሉ። የፈራ ሰው ደግሞ ወይ ግቢውን በሙሉ ይመነጥራል፣ ወይ ይሰለቸውና ሁሉንም እንዳለ ይተወዋል።

ከዝርዝሩ የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፦ ውሻው የትኛውን ይበላዋል? መርዝ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ካልተበላ ምንም አያደርግም። ውሻ ደግሞ የሚበላውን የሚመርጠው በአፍንጫው ነው። ተክል ራሱን ከበላተኛ ለመከላከል ይመራል፣ ያቃጥላል፣ ይሸታል። ሰው ለተባይ የሚያዘጋጀው ማጥመጃ ግን እንዲበላ ታስቦ ስለሚሠራ ይጣፍጣል። ማዳበሪያ ብለን በጆንያ የምናስገባውም ብዙ ጊዜ አጥንት፣ ደም ወይም የዘይት ፋጉሎ ነው፤ ለውሻ ምግብ ምግብ ይሸታል። በዚህ ዓይን ሲታይ ከአበባው ይልቅ ጆንያው፣ ከጆንያው ደግሞ የአይጥ መርዙ ይብሳል።

ከተክሎቹ እንጀምር፤ ወሬው የሚጀምረው ከእነሱ ነውና። ያላግባብ ስሙ የጠፋው ፖይንሴቲያ ነው፤ በአዲስ አበባ ግቢዎች ከአጥር በላይ አድጎ የላይኛው ቅጠሉ ደም መስሎ የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ1919 ሃዋይ ውስጥ አንድ ሕፃን ቅጠሉን በልቶ ሞተ የሚል ወሬ ተነሣ። ወሬው እውነት ሆኖ አልተገኘም፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልጸዳም። ነጭ ፈሳሹ የውሻን አፍ ያሳክካል፣ ቢበዛ ያስመልሰዋል። የሥጋ ዘመዶቹ ቅንጭብና ቁልቋል ግን ከእሱ ይከፋሉ። የእነሱ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ቅንጭብ አጥር ሲከረከም ከሥሩ የሚቦርቀውን ቡችላ ማሰር ይበጃል። የወፍ ቆሎ ጉበት የሚጎዳው በዋናነት ከብትና በግ ላይ ነው፤ ውሻ እምብዛም አይነካውም። አስተናግርም ቢሆን ቀልብ የሚያስት መርዝ ቢሸከምም ሽታው ራሱ ያባርራል። አቮካዶና ኮክ ያለበት ግቢ ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ የሚመጣው ከዘሩ መጠን ነው። ሳይታኘክ የተዋጠ የአቮካዶ ዘር አንጀት ይዘጋል፤ መፍትሔውም ቀዶ ሕክምና ነው።

ሦስቱን ግን በዚህ ፍጥነት ማለፍ አይቻልም።

የመጀመሪያው ኦሊያንደር ነው፤ በየመንገዱ አካፋይና በየሆቴሉ ደጅ በሮዝና በነጭ አበባው የምናውቀው። ቅጠሉ፣ ግንዱ፣ አበባው፣ የተነከረበት ውሃ ሳይቀር የልብን ምት የሚያዛባ ንጥረ ነገር አለው። ጥቂት ቅጠል ይበቃል። ሆኖም እጅግ መራራ በመሆኑ ጤነኛና የጠገበ ውሻ አይደፍረውም። አደጋው የሚጨምረው ተቆርጦ ሲደርቅ፣ ለመጫወቻ ዱላ ሲወረወር ወይም ከሌላ ቅጠል ጋር ሲቀላቀል ነው። ምረንዝም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የቀስት መርዝ የሚቀመምበት ዛፍ። ስለ ምረንዝና ስለ ውሻ አንድ የሚገርም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጆናታን ኪንግደንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት፣ በአካባቢያችን የሚኖር ባለ ጎፈሬ ትልቅ አይጥ የምረንዝን ቅርፊት አኝኮ ምራቁን በጎኑ ጠጉር ላይ እንደሚቀባ አሳይቷል። ጠጉሩ እንደ ስፖንጅ ፈሳሽ የሚይዝ ነው። የነከሰው ውሻ ወይ ይሞታል፣ ወይ ተርፎ ዳግመኛ ወደዚያ እንስሳ አይጠጋም። ከዛፉ ያልሞተ ውሻ ዛፉን ተቀብቶ በመጣ አይጥ ይሞታል ማለት ነው። ለምን ቢሉ አይጥ ይጣፍጣላ!

ሁለተኛው ሳይካስ ነው። አጭር ዘንባባ ይመስላል፤ ለሠርግ ፎቶ በሚያገለግሉ የአትክልት ቦታዎችና በቪላ ቤቶች በር ላይ ተወዳጅ ነው። እዚህ ላይ የተክል መራራነት የሚለው መከላከያ አይሠራም፤ ውሾች ብርቱካናማ ዘሩን ወደው ያኝኩታል። አንድ ሁለት ዘር ጉበት ለማጥፋት በቂ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ የታዩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከተመረዙት ውሾች ከሦስቱ አንዱ፣ በአንዳንዱ ጥናት ደግሞ ግማሹ ያህል ሞተዋል። ማስመለሱ በዚያው ዕለት ይጀምራል፤ የጉበቱ ጉዳት ግን ጎልቶ የሚወጣው ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ከግቢ አንድ ተክል ብቻ ንቀል ብባል የምነቅለው እሱን ነው፤ ቢያንስ ዘር የምታፈራውን ሴቷን።

ሦስተኛው ጉሎ ነው፤ በቀጥታ ወደ ጆንያው የሚያሸጋግረንም እሱ ነው። መነሻው ምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ ይታመናል፤ እኛ ዘንድ ያልበቀለበት ቦይና ቆሻሻ መጣያ የለም። ዘሩ ውስጥ ያለው ራይሲን በዓለም ከታወቁት ብርቱ መርዞች አንዱ ነው። ይሁንና የዘሩ ልባስ ጠንካራ ስለሆነ ሳይታኘክ ከተዋጠ ብዙ ጊዜ እንዳለ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የታተመ፣ ዘሩን የበሉ 98 ውሾችን የተከታተለ ጥናት ከአሥሩ አንዱ እንኳ ያህል እንዳልሞቱ አሳይቷል። ከስሙ አንጻር ይህ ትንሽ ነው። ነገሩ የሚለወጠው ዘሩ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ ነው። ራይሲን በዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ስለዚህ የሚቀረው ፋጉሎው ውስጥ ነው። ፋጉሎው በሚገባ በሙቀት ካልታከመ መርዙ አብሮት ይኖራል። በናይትሮጅን የበለጸገ በመሆኑ «የተፈጥሮ ማዳበሪያ» ተብሎ በከረጢት ይሸጣል። ብራዚልና ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ውሾች ከአበባ ሥር ቆፍረው በልተውት ሞተዋል። የሚከላከለው ልባስ ተፈጭቷል፣ ሽታው የምግብ ሆኗል፣ መጠኑም ከአንድ ዘር ወደ አንድ ኪሎ አድጓል። ያው ተክል ነው፤ የፈጨውና ያቀረበው ግን ሰው ነው።

የአጥንትና የደም ዱቄት ራሱ መርዝ አይደለም። ውሻ ግን አንድ ከረጢት አግኝቶ መጠኑን አያውቅም። የአጥንት ዱቄቱ ጨጓራ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ተጋግሮ አንጀት ይዘጋል፤ ቆሽትም ሊያቆጣ ይችላል። የከፋው ታሪክ የተፈጸመው አሜሪካ ውስጥ ነው። ጽጌረዳ ተካዮች የአጥንት ዱቄትን ዳይሰልፎቶን ከተባለ ፀረ ተባይ ጋር ደባልቀው ከሥሩ ይቀብሩ ነበር። ዳይሰልፎቶን በጣም ጥቂቱ የሚገድል ነው፤ የአጥንቱ ሽታ ውሻውን ይጠራል፣ መርዙ ይቀበለዋል። ምርቱ እ.ኤ.አ. ከ2010 አካባቢ ጀምሮ ከዚያ ገበያ ወጥቷል። ድብልቁ ያስተማረው ግን አሁንም ይሠራል፦ አጥንት የነካው ማዳበሪያና ፀረ ተባይ አንድ ጉድጓድ ውስጥ አይገናኙ። ዩሪያና የመሳሰሉት ፋብሪካ ሠራሽ ማዳበሪያዎች ግን የሚፈሩትን ያህል አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከትሉት ማስመለስና ተቅማጥ ነው፤ ከብት ላይ ዩሪያ የሚያደርሰውን ያህል ውሻ ላይ አያደርስም። ኖራና ትኩስ አመድ አፍና መዳፍ ያቃጥላሉ።

በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ አንባቢዎች የካካዎ ገለፈት ጉዝጓዝን ያውቁታል። አፈሩን አልብሶ እርጥበት ይይዛል፣ አረም ይከለክላል፣ ግቢውን ቸኮላት ቸኮላት ያሸተዋል። ችግሩም ይኸው ነው። ካካዎ ውስጥ ያለውን ቴዎብሮሚን ውሻ ከደሙ የሚያስወግደው እጅግ ቀስ ብሎ ነው፤ ግማሹን ለማስወገድ ብቻ 17 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስድበታል። በኪሎ ክብደቱ 20 ሚሊግራም ሲደርስ መቅበጥበጥና ማስመለስ ይጀምረዋል፤ በ40 እና በ50 መካከል የልቡ ምት ይዛባል፤ በ60 ይንዘፈዘፋል። እንግዲህ እናስላው። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ለመንዘፍዘፍ 600 ሚሊግራም ይበቃዋል። ጉዝጓዙ ውስጥ ያለው ቴዎብሮሚን እንደ አዘገጃጀቱ ይለያያል፤ ከግማሽ በመቶ ያነሰበትም፣ 3 በመቶ የሚጠጋበትም አለ። 2 በመቶ ነው ብንል ውሻው መብላት ያለበት 30 ግራም ብቻ ነው፤ አንድ እፍኝ ገደማ። ጥቂት የያዘው ዓይነት ከሆነ ግን ሩብ ኪሎ በልቶም ላይንዘፈዘፍ ይችላል። ስለዚህ «ውሻዬ በላው፣ ምንም አልሆነም» የሚለውም፣ «ውሻዬን ገደለው» የሚለውም ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ሻጩ መጠኑን ከረጢቱ ላይ ካልጻፈ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለም።

እኛ ዘንድ ካካዎ የለም፤ ቡና ግን አለ። ካፌይን የቴዎብሮሚን ቅርብ ዘመድ ነው፤ ውሻ ላይ የሚያሳየው ምልክትም ተመሳሳይ ነው። የአረቢካ ፍሬ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን ስለሆነ፣ ለዚያው 10 ኪሎ ውሻ አንድ ስኒ የማይሞላ ፍሬ መቅበጥበጥ ለማስጀመር ይበቃዋል። ጓሮ የሚደፋው አተላስ? እዚህ ላይ መፍራት ያለበት ማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ካፌይን በውሃ ይሟሟል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቴ የፈላ ቡና አብዛኛውን ካፌይኑን ለጠጪው ስለሰጠ በአተላው የሚቀረው ጥቂት ነው። በካፌ ማሽን አንዴ ብቻ ተጠልሎ በጆንያ ለአትክልተኛ የሚሰጠው ግን የበለጠ ይዟል፤ የቡና ገለፈትና ገለባም እንዲሁ ካፌይን አላቸው። ውሻ ባለበት ግቢ እነዚህን ከላይ መበተን ሳይሆን አፈር ውስጥ ደህና አድርጎ መቅበር፣ ወይም በተከደነ ቦታ ኮምፖስት ማድረግ ይሻላል።

ኮምፖስት ስንል የወጥ ቤት ትርፍራፊ ማለታችን ነውና ከዝርዝሮቹ ተረስቶ የሚቀረው አደጋ ያለው እዚያ ነው። የሻገተ ዳቦ፣ አይብና ለውዝ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች ፔኒትረም ኤ እና ሮኬፎርቲን የተባሉ መርዞችን ያመርታሉ። የበላው ውሻ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ መቆም ያቅተዋል። ቶሎ ከታከመ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይድናል። በአካባቢያችን «ለሰው አይሆንም፣ ለውሻው ስጡት» እየተባለ የሻገተ እንጀራና ዳቦ የመስጠት ልማድ አለ። ሻጋታ ሁሉ መርዝ አያመርትም፤ የትኛው እንደሚያመርት ግን በዓይን አይለይም። ሽንኩርት የበዛበት ትርፍራፊም ሌላ ጣጣ ነው። በኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ጥሬ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ማፍረስ ይጀምራል፤ መበሰሉም አያድነውም። የዶሮ ወጥ ድስት የሚልስ ትንሽ ውሻ ወደዚያ መጠን መድረስ አይከብደውም። ይህ ከጓሮ ይልቅ የማጀት ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

አሁን ወደ ማጥመጃዎቹ። ብሪታንያ የሚኖሩ ሰዎች ለቀንድ አውጣ ይበትኑት የነበረውን ሰማያዊ እንክብል ያስታውሳሉ። ውስጡ ሜታልዲሃይድ፣ መያዣው ደግሞ እህል ነገር ነው። የበላ ውሻ በሰዓታት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ጡንቻው ያለማቋረጥ ከመሥራቱ የተነሣ ሰውነቱ ይግላል፤ ብዙ ጊዜ የሚገድለውም ሙቀቱ ነው። ታላቋ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 መጨረሻ ጀምሮ ደጅ ላይ መጠቀሙን ከልክላለች፤ ለዚያ ውሳኔ ያበቃትም በአእዋፍና በዱር አጥቢዎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። ምትኩ የብረት ፎስፌት ነው። ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ቢሆንም፣ አንድ ካርቶን የጨረሰ ውሻ በብረት ብዛት ሊጎዳ ይችላል፤ «ለቤት እንስሳት አያሰጋም» የሚለውን ጽሑፍ ቃል በቃል መውሰድ አይገባም።

የአይጥ መርዝ ከሁሉ ይከፋል፤ በአገራችንም በብዛት ያለው እሱ ነው። በእጅ ማይክ «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን» እያለ የሚያልፈው ሻጭ የሚሸጠው በትንንሽ ላስቲክ የተቋጠረ፣ ስም የሌለው ዱቄት ወይም ፍሬ ነው። ቤት ውስጥ በሥጋ ወይም በዳቦ ተለውሶ ማታ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ቀን ታስሮ የዋለው የግቢ ውሻ የሚፈታው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። ጠዋት ውሻው ተዘርሮ ሲገኝ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ዓይነት መርዝ ነበር?» የሚል ነው፤ ላስቲኩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ሕክምናው ግን እንደ ዓይነቱ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ጥቁር ግራጫ ቀለም ኖሮት ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ የሚሸት ከሆነ ዚንክ ፎስፋይድ ሊሆን ይችላል። ጨጓራ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል። ለነቀዝ መከላከያ ጎተራ ውስጥ የሚቀመጠው እንክብልም የሚያመነጨው ያንኑ ጋዝ ነው። ውሻው ሲያስመልስ ጋዙ አብሮ ስለሚወጣ በተዘጋ ክፍል ወይም መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ አጠገቡ ያለው ሰውም ይታመማል። ልምድ ያለው ሐኪም ደጅ ላይ የሚያክመው ለዚህ ነው።

ሌላው ቡድን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው፤ ብሮዲፋኩምና ብሮማዲዮሎን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የዚህ ተንኮሉ ዝምታው ነው። ውሻው በልቶ ይጫወታል፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ድረስ ምንም አይታይበትም። ከዚያ ድዱ ይገረጣል፣ ይደክመዋል፣ ሳንባው ወይም ሆዱ ውስጥ ይደማል። መድኃኒቱ ቫይታሚን ኬ1 ነው፤ ለአራት ሳምንት ያህል ይሰጣል። ለዶሮ መኖ የሚጨመረው ኬ3 በምትኩ አይሠራም። በጊዜ ከተደረሰበት ከመርዞቹ ሁሉ በተሻለ የሚታከመው ይኸኛው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ጠማማ መንገድ ያዘ። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣውና ከ2011 ጀምሮ በተግባር በዋለው ውሳኔ እነዚህን ደም አፍሳሾች ለተራ ሸማች እንዳይሸጡ ገደበ። አምራቾች ወደ ብሮሜታሊን ዞሩ። ብሮሜታሊን አንጎልን ያሳብጣል፤ ማርከሻም የለውም። የዱር አራዊትን ለማዳን የወጣው ደንብ ለቤት ውሻ የከፋውን መርዝ ወደ መደርደሪያ አመጣ። በዋሽንግተን ዙሪያ ጓሮ ያላቸው ወገኖቻችን የአይጥ መርዝ ሲገዙ በካርቶኑ ላይ ያለውን የንጥረ ነገር ስም ማንበብ ያለባቸው ለዚህ ነው።

ስለሚረጩት ፀረ ተባይና ፀረ አረም መድኃኒቶች ባጭሩ። ማላታይን ከወገኖቹ መካከል ለዘብ ያለ ነው፤ ዲያዚኖን ይበረታል። ሁለቱም ለሃጭ ያዝረከርካሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ የዓይንን ብሌን ያጠብባሉ፤ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አላቸው። አሜሪካ ዲያዚኖንን ከመኖሪያ ግቢ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ስታስወጣ፣ እኛ ዘንድ ለከብት መዥገር ያገለግላል። ከብት የታጠበበትን ትራፊ ለውሻ ቁንጫ መጠቀም የሚያስከትለው መመረዝ ከጓሮ መርዝ ጋር ይደባለቃልና ለሐኪሙ መንገር ያሻል። ፀረ አረሙ ቱ-ፎር-ዲ ላይ ውሻ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ስስ ነው፤ ኩላሊቱ ቶሎ አያስወጣውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ፀረ አረም በተረጨ ሣር ላይ የሚውሉ ስኮቲሽ ቴሪየር ውሾች ለፊኛ ካንሰር ይበልጥ እንደሚጋለጡ ጠቁሟል። ያ ዝርያ በተፈጥሮውም ለበሽታው የተጋለጠ ስለሆነ ለውሻ ሁሉ ማዋል አይቻልም። እስኪደርቅ ማራቅ ግን ምንም አያስከፍልም።

ከተበላ በኋላ ስላለው ጉዳይ እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እርምጃ ወተት ማጠጣት ነው። ወተት የአንዳቸውም ማርከሻ አይደለም። ዚንክ ፎስፋይድ የበላ ውሻ ላይ እንዲያውም ምግብ የጨጓራውን አሲድ ስለሚቀሰቅስ ጋዙን ሊያፋጥን ይችላል። ዘይት በግድ ማጋት ሳንባ ውስጥ ይገባል። ለማስመለስ ጨው መስጠት ራሱን የቻለ መመረዝ ነው። የሚንቀጠቀጥ፣ ራሱን የሳተ፣ ነዳጅ ነክ ፈሳሽ ወይም የሚያቃጥል ነገር የዋጠ ውሻ በምንም መንገድ እንዲያስመልስ አይደረግም። የሚጠቅመው የተረፈውን መርዝ ከነመያዣው፣ ካልተገኘም ያስመለሰውን በላስቲክ አድርጎ ይዞ መሄድ፣ የውሻውን ክብደትና የበላበትን ሰዓት መናገር ነው። ክሊኒኩ ሩቅ ከሆነ አስቀድሞ መደወል፤ መኪናው ውስጥ መስኮቱን ከፍቶ መንዳት። መርዙ ደም አፍሳሹ ሊሆን ይችላል ከተባለ ደግሞ ውሻው በማግስቱ ቢቦርቅም ቀጠሮውን አለመሰረዝ፤ በአራተኛው ቀን የሚመጣው ድካም የሚጀምረው ከዚያ ነው።